ውልና መተማመን በኩባንያዎች የምርምር ሽርክና

ለምርምር የሚጣመሩ ኩባንያዎች ሸቀጥ ከሚገበያዩ ነጋዴዎች የሚለዩት፣ የሚዋዋሉበት ነገር በፊርማው ቀን ገና ያልተገኘ በመሆኑ ነው። ውጤቱም ሆነ ወጪው አስቀድሞ ስለማይታወቅ፣ «ያልተሟላ ውል» የሚባለው፣ ማለትም ወደፊት ሊደርስ የሚችለውን ሁሉ መዘርዘር ያልቻለ ስምምነት፣ በዚህ መስክ የተለመደ ነገር እንጂ የአርቃቂው ጉድለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የኖቤል የምጣኔ ሀብት ሽልማትን ከቤንግት ሆልምስትሮም ጋር የተጋራው ኦሊቨር ሃርትም በዋናነት የመረመረው፣ ውሉ ዝም ባለበት ጉዳይ የመወሰን ሥልጣን የማን ይሁን የሚለውን ጥያቄ ነው።

የሕግ ምሁሩ ስቱዋርት ማኮሌይ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጥናት፣ የዊስኮንሲን ነጋዴዎች አለመግባባታቸውን በአብዛኛው ውል ሳይጠቅሱ እንደሚፈቱ አሳይቷል። በአንጻሩ የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ኦሊቨር ዊሊያምሰን፣ አጋር ክፍተት ሲያገኝ ለራሱ ጥቅም ሊያደላ ስለሚችል አስቀድሞ መከላከያ ማበጀት እንደሚያስፈልግ አስተምሯል። ከዚህ የተነሳው «ውል መተማመንን ይገድላል ወይስ ያጠናክራል?» የሚለው ክርክር ከሚገባው በላይ ተራዝሟል፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት መተማመን አንድ ወጥ ነገር ተደርጎ መታየቱ ነው። ተመራማሪዋ ማሪ ሳኮ የብሪታንያና የጃፓን ኩባንያዎችን አነጻጽራ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው ሥራ፣ ቃልን በመጠበቅ፣ በሙያ ብቃትና በበጎ ፈቃድ ላይ የሚጣል እምነትን ለይታለች። ውል የመጀመሪያውን እምነት ይደግፋል፤ የመጨረሻውን ግን ማንም በአንቀጽ ሊያስገድደው አይችልም።

የሕግ ምሁራኑ ጊልሰን፣ ሳቤልና ስኮት እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረቡት ትንታኔ ክርክሩን ወደ ሌላ መስመር ወስዶታል። እነርሱ እንደሚሉት የምርምር ውል የሚያስገድደው ውጤትን ሳይሆን አብሮ የመሥራትን ሥርዓት ነው፤ የጋራ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ በየምዕራፉ መረጃ ይለዋወጣሉ፣ መቀጠል ወይም ማቋረጥ ይወሰናል፣ ያልተፈታ አለመግባባትም ወደ በላይ ኃላፊዎች ይመራል። ተባባሪዎቹ በዚህ ሂደት የአንዳቸውን ችሎታና ጠባይ ሌላው ስለሚያውቅ፣ አጋርን መለወጥ ለሁለቱም ውድ ይሆናል፤ መተማመኑም ከውሉ ውስጥ ይበቅላል።

ፋይዘርና ባዮንቴክ እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ዝርዝር ውል ሳይጠናቀቅ የኮቪድ ክትባት ሥራ መጀመራቸው፣ መተማመን ውልን እንደተካ ማስረጃ ሆኖ ሲጠቀስ ይሰማል። ሆኖም ኩባንያዎቹ እ.ኤ.አ. በ2018 በኤምአርኤንኤ ላይ የተመሠረተ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ለማበልጸግ ተዋውለው ስለነበር፣ የጥድፊያው ሥራ የተጀመረው በተጠረገ መንገድ ላይ ነበር ማለት ይቀላል።

መተማመን ሲበዛ ደግሞ ቁጥጥር ይላላል። ጉዳቱ ይበልጥ የሚከብደው ሀብቱ አንድ ግኝት ብቻ በሆነና ከግዙፍ ኩባንያ ጋር በተጣመረ ትንሽ ድርጅት ላይ ነው። ስለሆነም ውሎች እያንዳንዱ ወገን ይዞት የመጣውን ዕውቀት በጋራ ከተገኘው ይለያሉ፤ አስቸጋሪው ግን አንዱ ባመጣው ቴክኖሎጂ ላይ ሌላው የጨመረው ማሻሻያ ሲሆን፣ የባለቤትነት ሙግት የሚበዛውም እዚያ ላይ ነው።