ያልዳሰሱትን መለዋወጫ መግዛት

በአውሮፓና በአሜሪካ «ክላሲክ» የሚባለው መኪና፣ ማለትም ከተሠራ ብዙ ዓመታት ያለፉትና በባለቤቱ ፍቅር እየታደሰ የሚኖረው ተሽከርካሪ፣ በአብዛኛው የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ግን እኩያው የሆነው አሮጌ ላንድክሩዘር፣ ላንድሮቨር ወይም ላዳ ዛሬም ሥራ ያልፈታ የመተዳደሪያ መሣሪያ ነው። በጌዴኦ ዞን በይርጋጨፌ ወረዳ የምትገኘውን ኮንጋን በመሰለ፣ ቡናው በዓለም ገበያ ስም ባለው ነገር ግን ዳገትና ጭቃ በማይለየው ቀበሌ፣ እንዲህ ያለ መኪና እሸት ቡና በሚለቀምባቸው የበጋ ወራት ካምቢዮው ቢሰበር ባለቤቱ የሚያጣው የዓመቱን ዋና ገቢ ነው። መለዋወጫው ደግሞ በቅርብ አይገኝም፤ ለምሳሌ «40» በሚል ተከታታይ ቁጥር የሚታወቀው ላንድክሩዘር በጃፓን መመረቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉና በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ፣ አሮጌውን መኪና ጠግኖ መያዝን ይበልጥ አስፈላጊ፣ ዕቃውንም ይበልጥ ውድ አድርጎታል።

ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ኮንጋ ደግሞ ከዲላም አልፋ ነው የምትገኘው። ስለዚህ መርካቶ አካባቢ ያለው የመለዋወጫ መናኸሪያ ሶማሌ ተራ ድረስ ሄዶ ዕቃ ከመምረጥ ይልቅ በቴሌግራም ፎቶ አይቶ መግዛት ለብዙዎች የሚቀል መንገድ ሆኗል፤ አጭበርባሪም የሚጠቀመው ይህንኑ ርቀትና የገዢውን ችኮላ ነው። ሻጭ ነኝ ባዩ ከሌላ ሰው ማስታወቂያ የወሰደውን ፎቶ ይለቃል፤ ዋጋውን ከገበያው ዝቅ ያደርጋል፣ ጥርጣሬ እስኪያስነሳ ድረስ ግን አይጥለውም። ገዢው ሲደውል «ሌላ ሰው ሊወስደው እየመጣ ነው» በማለት ቀብድ ይጠይቃል፤ ቀብዱ ከገባ በኋላ የማሸጊያ፣ የማስጫኛ እያለ ይጨምርና ስልኩን ያጠፋል።

እዚህ ላይ ቀብድ ራሱ ሊጤን ይገባዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን እንደሚያጣ፣ የተቀበለው ቢተው ግን እጥፉን እንደሚመልስ ይደነግጋል፤ ደንቡ ፍትሐዊ ቢሆንም የሚሠራው ተቀባዩ የሚታወቅ፣ ሱቁና ዋሱ የሚገኝ ሰው ሲሆን ነው። በቴሌግራም የሚታየው ስምና ፎቶ በማናቸውም ጊዜ የሚለወጥ፣ ስልክ ቁጥሩም ሊደበቅ የሚችል በመሆኑ፣ ለማይታወቅ ሰው የሚላክ ቀብድ የውል ማሰሪያነቱ ቀርቶ ስጦታ ይሆናል ቢባል ማጋነን አይደለም።

ዕቃው በእርግጥ በሻጩ እጅ መኖሩን ለማወቅ የሚያገለግለው ከፎቶው ውበት ይልቅ በብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር ነው። የቶዮታ የመለዋወጫ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ አሥር አሃዝ ያለው ሆኖ በአምስት በአምስት ይከፈላል፤ የመጀመሪያው ክፍል የዕቃውን ዓይነት ያመለክታል፣ ለምሳሌ 04111 ለሞተር እድሳት የሚሆን ሙሉ የጋርኒሲዮን ስብስብ ነው፤ ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ዕቃው ለየትኛው ሞተርና ሞዴል እንደተሠራ ይለያል። የመኪናውም መለያ እንዲሁ ይነበባል፦ ቢጄ የሚለው ባለ አራት ሲሊንደር ናፍጣ፣ ኤችጄ የሚለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ፣ ኤፍጄ የሚለው ደግሞ ቤንዚን ሞተር ያለውን ላንድክሩዘር ያመለክታል። ይህን ያላጣራ ገዢ ሻጩ ሐቀኛ ቢሆን እንኳ ሊከስር ይችላል፤ ከናፍጣዎቹ መካከል ባለ 12 ቮልትም ባለ 24 ቮልትም ስላሉ፣ በመልክ የሚመሳሰለው ሞተሪኖ ኮንጋ ደርሶ ሲገጠም ላይሠራ ይችላልና። በመሆኑም ገዢው የተመታው ቁጥር ጎልቶ የሚታይበት፣ የዕለቱ ቀንና የገዢው ስም የተጻፈበት ወረቀት አጠገቡ ያለበት አዲስ ፎቶ መጠየቅ፣ ከተቻለም በቪዲዮ ጥሪ ዕቃውን እያገላበጡ እንዲያሳዩት ማድረግና የማርሹን ጥርስ ቁጥር ወይም የኩሽኔታውን የውስጥ ስፋት እዚያው እንዲነግሩት መጠየቅ ይኖርበታል። ዕቃው በእጁ የሌለ ሰው ለእንዲህ ያለ ጥያቄ «ቆይ ልደውል» ማለት ያበዛል።

ሌላው ማታለል በእውነተኛ ዕቃ ላይ የሚፈጸም ነው። የተሰነጠቀ ቴስታታ በማጣበቂያ ተደፍኖና ቀለም ተቀብቶ፣ ያገለገለ ኩሽኔታም በአዲስ ካርቶን ታሽጎ «ኦሪጅናል» ተብሎ ሊቀርብ ይችላል። ከመገጣጠሚያ ፊቶች ጀምሮ ሁሉ ነገሩ ትኩስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ብረት የሚያጠራጥር ሲሆን፣ የካርቶኑ ቁጥር ከዕቃው ቁጥር ጋር የማይገጥም ከሆነ ማሸጊያው ምንም ማስረጃ አይሆንም። የፍሬንና የመሪ ክፍሎች ግን በፎቶ ብቻ ጭራሽ ባይገዙ ይመረጣል። ሙሉ ሞተር ሲገዛ ደግሞ የሞተር ቁጥር በሊብሬ ላይ የሚመዘገብ በመሆኑ፣ ሻጩ የባለቤትነት ሰነድ ከሌለው ዕቃው ርካሽ ቢሆንም የስርቆት ጥያቄ ሊያስከትል ይችላል።

ክፍያን በተመለከተ፣ ቴሌብርም ሆነ የባንክ መተግበሪያ ገንዘብ ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያል፤ ስሙ ሻጩ ከሰጠው ስም ከተለየና «የወንድሜ ሒሳብ ነው» የሚል ምክንያት ከቀረበ ግዢውን እዚያው ማቆም ይሻላል። ከሁሉም የሚሻለው አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ወይም የታወቀ መካኒክ ዕቃውን በእጁ አይቶ፣ በሊብሬው ካለው መረጃ ጋር አመሳክሮ፣ ከፍሎና ደረሰኝ ተቀብሎ ራሱ በዲላ አውቶቡስ ላይ እንዲጭነው ማድረግ ነው፤ ለመካኒኩ የሚከፈለው የድካም ዋጋ ከሚጠፋው ቀብድ እንደሚያንስ አያጠራጥርም። ውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል የሚገዛ ከሆነም በፔይፓል «ለወዳጅና ለዘመድ» በሚለው መንገድ የተላከ ገንዘብ የገዢ ዋስትና እንደሌለው፣ በዕቃ ግዢ መንገድ የተከፈለ ግን እስከ 180 ቀን ድረስ አቤቱታ ሊቀርብበት እንደሚችል ማወቅ ይጠቅማል።

ማታለሉ ከተፈጸመ በኋላ ሕጉ ዝም አይልም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 አታላይነትን ይቀጣል፣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም በአሳሳች የኮምፒዩተር ዳታ ሰውን ማታለልን በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። ቅጣቱ ግን ገንዘቡን በራሱ አይመልስም፤ ለፖሊስ የሚያስፈልገውም የሻጩ ስልክ ቁጥር፣ የሒሳቡ ስም፣ የዝውውሩ መለያ ቁጥርና የተለዋወጡት መልእክት ነው። በቴሌግራም አንዱ ወገን ንግግሩን ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ስለሚችል፣ የገጹን ምስል አንስቶ ማስቀመጥ የሚገባው ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ነው።