በናይሮቢ የቤትና የመሬት ወኪልነት ፈቃድ ስለሚሰጥበትና ስለሚታደስበት ሥርዓት

የሌላውን ሰው ቤት ለማከራየት ወይም መሬቱን ለመሸጥ በመካከል የሚገባ ሰው ሁለት ከባድ አደራዎችን በእጁ ይይዛል፤ እነርሱም የባለንብረቱ እምነትና የተከራዩ ወይም የገዢው ገንዘብ ናቸው። ስለዚህ ብዙ መንግሥታት ይህን ሥራ ለፈለገው ሁሉ ክፍት አድርገው አይተዉትም። ሠራተኛው ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደ ተማረና ጠባዩም እንዴት እንደ ሆነ አስቀድመው ይመረምራሉ። በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ የሚኖሩና ለንግድ፣ ለትምህርት ወይም ለሕክምና ወደዚያ የሚሄዱ ወገኖቻችን ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ የከተማ አስተዳደር ሠራተኞችም የጎረቤት አገርን ሥርዓት ማወቃቸው ስለሚጠቅማቸው፣ የዚህን ፈቃድ ነገር እንደሚከተለው እናስረዳለን።

ስለ ሥራው ስምና ትርጓሜ

በአገራችን ይህን ሥራ የሚሠራውን ሰው ደላላ እንለዋለን። በስዋሂሊም «ዳላሊ» ይባላል፤ ሁለቱም ቃላት ከዐረብኛ የመጡ ዘመዳሞች ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ ደላላን ከነጋዴዎች መካከል ቆጥሮ፣ ሥራው ውል የሚዋዋሉ ሰዎችን ፈልጎ ማገናኘት መሆኑን ገልጾ ነበር። የኬንያ ሕግ ግን ቤትና መሬት የሚያገናኘውን ሰው ከሌላው ደላላ ለይቶ «ኤስቴት ኤጀንት» ብሎ ሰይሞ የራሱን ሕግ አውጥቶለታል። ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው በኬንያ የሕጎች መድበል ምዕራፍ 533 የሆነው የኤስቴት ኤጀንቶች ሕግ ነው።

በዚህ ሕግ መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረትን በመሸጥ፣ በማስያዝ፣ በማከራየት ወይም በማስተዳደር ረገድ ሻጭንና ገዢን፣ አከራይንና ተከራይን የሚያገናኝ ወይም ስለ ውላቸው የሚደራደር ሰው የወኪልነት ሥራ እንደ ሠራ ይቈጠራል። የንብረት ዋጋ ገማቾች በሌላ ሕግ፣ ሐራጅ አስጫራቾችም እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው በራሳቸው ሕግ ይተዳደራሉ። ስለዚህ ዋጋ ለመገመት የተፈቀደለት ወረቀት ለወኪልነት፣ የወኪልነቱም ወረቀት ለግምት አይበቃም።

ፈቃዱን ማን ይሰጣል፤ ለማንስ ይሰጣል?

ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን የተሰጠው ለኤስቴት ኤጀንቶች መዝጋቢ ቦርድ ነው። ቦርዱ የአመልካቾችን ማስረጃ ይመረምራል፣ መዝገቡን ይጠብቃል፣ ከሥነ ሥርዓት የወጣውንም ይቀጣል። ለመመዝገብ የሚፈልግ ሰው የሚከተሉትን ማሟላት ይኖርበታል።

1ኛ. ስለ ዕውቀቱ ማስረጃ ማቅረብ። ለዚህ የተለመደው መንገድ የኬንያ ቀያሾች ተቋም አባል መሆን ወይም በቦርዱ የታወቀ የትምህርት ማስረጃ መያዝ ነው። አንባቢ እንዳይሳሳት፣ በዚያ አገር «ቀያሽ» የሚለው ስም መሬት የሚለካውን ብቻ ሳይሆን የንብረት ገማቹንና አስተዳዳሪውንም ያጠቃልላል። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲም በዚህ ሙያ ተማሪዎችን በዲግሪ ያስመርቃል።

2ኛ. ስለ ጠባዩ ነቀፋ የሌለበት መሆን። አካለ መጠን ያልደረሰ፣ አእምሮው የታወከ፣ በፍርድ ቤት የከሰረ ተብሎ የተወሰነበት፣ ወይም በማታለልና እምነት በማጉደል ወንጀል የተፈረደበት ሰው መዝገብ ውስጥ ሊገባ አይገባውም። የዚህም ምክንያት ግልጥ ነው። የራሱን ዕዳ መክፈል ያልቻለ ሰው በእጁ የሚያልፈውን የሌላ ሰው ገንዘብ ለጊዜው ልጠቀምበት የሚል ፈተና ይመጣበታል።

3ኛ. ማመልከቻውን በተወሰነው ቅጽ ሞልቶ፣ ከነማስረጃዎቹ ለቦርዱ አቅርቦ የተወሰነውን ክፍያ መክፈል።

በተጨማሪም ምዝገባው የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለስም ሰሌዳ አለመሆኑን ማስተዋል ይገባል። ሥራው በኩባንያ ስም ቢሠራ እንኳ ኀላፊነቱን የሚሸከም የተመዘገበ ወኪል በአመራሩ ውስጥ መኖር አለበት። ኩባንያ አይማርም፣ አይታሰርምም፤ የሚማረውም የሚጠየቀውም ሰው ነው።

ስለ ዕድሳት

ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነው። በመዝገብ መግባትና በያመቱ ለመሥራት መፈቀድ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። የምዝገባው ወረቀት ሰውየው ባለሙያ መሆኑን ይመሰክራል። በያመቱ የሚሰጠው የሥራ ምስክር ወረቀት ግን በዚያ ዓመት ለመሥራት የተፈቀደለት መሆኑን ያረጋግጣል። ስለዚህ ወኪሉ በያመቱ ክፍያውን ከፍሎ፣ ቦርዱ የሚጠይቀውንም አሟልቶ ወረቀቱን ማሳደስ አለበት። ከጥቂት ዓመታት በፊት የተሰጠ፣ በሚያምር መስታወት ውስጥ ተሰቅሎ የሚታይ ወረቀት ስለ ዛሬው ቀን ምንም አይናገርም። ቦርዱ የተመዘገቡትን ሰዎች ስም ዝርዝር ለሕዝብ ስለሚያሳውቅ፣ ወረቀቱን ከዝርዝሩ ጋር ማመሳከር ይቻላል።

ስሕተት የሚያመጡ ሁለት ሌሎች ወረቀቶች

በናይሮቢ ማናቸውም ቢሮ የሚከፍት ሰው ከናይሮቢ ከተማ ካውንቲ የንግድ ፈቃድ ያወጣል። ኩባንያ ከሆነም ከኩባንያዎች መዝጋቢ የምስክር ወረቀት ይቀበላል። ሁለቱም የመንግሥት ማኅተም ያለባቸው እውነተኛ ወረቀቶች ናቸው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ለካውንቲው ግብር መከፈሉን፣ ሁለተኛውም ኩባንያው በሕግ መቋቋሙን ከማሳየት በቀር ባለቤቱ የወኪልነት ሙያ ያለው መሆኑን አያረጋግጡም። አታላይ ሰው ሐሰተኛ ወረቀት ማዘጋጀት ሳያስፈልገው፣ እውነተኛውን ወረቀት ላልተሰጠበት ጉዳይ በማሳየት ብቻ ሊያታልል ይችላል።

ለማስረዳት ያህል አንድ እንግዳ በኢስትሊ ወይም በኪሊማኒ ሰፈር ቤት ፈልጎ መጣ እንበል። አንድ ሰው ቤቱን ከፍቶ ያሳየዋል፣ ሌላ ፈላጊ መጥቷል ብሎም ያጣድፈዋል፣ የመጀመሪያውን ወር ኪራይና መያዣውን በእጅ ስልክ እንዲልክለት ይጠይቀዋል። እንግዳው ገንዘቡን ከላከ በኋላ የቤቱ ጌታ ሌላ መሆኑን ቢያውቅ፣ ተቀባዩ በመዝገብ ያልገባ ሰው ከሆነ ቦርዱ የሚሰርዘው ስም የለውም። ያን ጊዜ የሚቀረው መንገድ ፖሊስና ፍርድ ቤት ብቻ ነው። የተመዘገበ ወኪል ቢያጠፋ ግን ተበዳዩ ለቦርዱ ሊከስ ይችላል፤ ወኪሉም እንጀራው ያለበትን ስም ላለማጣት ይጠነቀቃል። የመዝገቡ ጥቅም በዚህ ይታወቃል።

የ1984ቱ ሕግ ሳይመዘገብ የሚሠራውን ሰው እስከ 20,000 ሽልንግ በሚደርስ መቀጫ ወይም እስከ 2 ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም በሁለቱም እንዲቀጣ ይደነግጋል። ይህ ገንዘብ ሕጉ በተጻፈበት ዘመን ብዙ ነበር። በዛሬው ዋጋ ግን በከተማው ደኅና ሰፈሮች ከአንድ ወር የቤት ኪራይ ያንሳል። እንግዲህ የመቀጫው ፍርሃት ብቻ ሕዝቡን አይጠብቀውም፤ ሕዝቡም ራሱን መጠበቅ አለበት።

ፈቃድ የማይተካቸው ነገሮች

ወኪሉ በሚገባ የተፈቀደለት ቢሆንም ገዢው ከሚከተሉት ነገሮች አይዘናጋ።

ሀ) የመሬቱ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ከመንግሥት መዝገብ ማረጋገጥ። የመሬት ሚኒስቴር የሚገኘው በናይሮቢ «አርዲ ሀውስ» በተባለው ሕንጻ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 «አርዲሳሳ» የተባለው የኤሌክትሮኒክ የመሬት መዝገብ በናይሮቢ ሥራ ጀምሯል።

ለ) ውሉን በጽሑፍ ማድረግ። በኬንያ የመሬት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ካልሆነ፣ ተዋዋዮቹ ካልፈረሙበትና ምስክር ካልተረጋገጠበት በፍርድ ቤት ክስ ሊመሠረትበት አይችልም።

ሐ) የቴምብር ቀረጥ መክፈል። ይህም በከተማ ላለ ንብረት ከዋጋው በመቶ 4፣ በገጠር በመቶ 2 ነው።

መ) የውጭ አገር ሰው መብት ወሰን ያለው መሆኑን ማወቅ። የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 65 የኬንያ ዜጋ ያልሆነ ሰው መሬት መያዝ የሚችለው በሊዝ ብቻ መሆኑንና ዘመኑም ከ99 ዓመት እንደማይበልጥ ወስኗል። ስለዚህ ለኢትዮጵያዊ «ለዘላለም ርስት ይሆንሃል» ብሎ መሬት የሚሸጥ ወኪል ሕጉን አያውቅም፤ ካወቀም ይዋሻል። በአገራችን መሬት ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የማይሸጥ የማይለወጥ የሕዝብ ሀብት ስለ ሆነ፣ የአገራችን ሰው በኬንያ ያለውን የግልና የሊዝ ይዞታ ልዩነት ሳያውቅ ሊሳሳት ይችላል።

ይህን ሥራ በናይሮቢ ለመሥራት የሚያስብ ኢትዮጵያዊም ከሁሉ አስቀድሞ የኢሚግሬሽን የሥራ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ይወቅ።

ስለ ገንዘቡ አያያዝ

የደንበኛን ገንዘብ ከራስ ገንዘብ ለይቶ በባንክ መያዝ፣ ለተቀበሉትም ሁሉ ደረሰኝ መስጠት የሙያው ዋነኛ ግዴታ ነው። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ወንጀለኛ ገንዘብ እንዳይሰወር የሚከለክለው ሕግ፣ የቤትና የመሬት ወኪሎች ደንበኞቻቸውን እንዲለዩና የሚያጠራጥር ገንዘብ ሲያዩ ለመንግሥት እንዲያስታውቁ ያዝዛል። ስለዚህ ወኪሉ የመታወቂያ ወረቀትና የገንዘቡን ምንጭ ቢጠይቅ እንደ ድፍረት ሊቈጠርበት አይገባም፤ ግዴታውን መፈጸሙ ነው።

ለአስተዳደር ሠራተኞችና ለከተማ ነዋሪዎች

ከዚህ ሥርዓት የአስተዳደር ሠራተኛ የሚማረው አንድ ነገር አለ። ፈቃድ ለሕዝብ የሚጠቅመው ሕዝቡ ሊያነበው ሲችል ነው። በቁም ሣጥን ተቈልፎ የሚቀመጥ መዝገብ ለመዝጋቢው ሥራ ይሆናል እንጂ ቤት ፈላጊውን አይጠብቅም። ዝርዝሩ የወቅቱ ሆኖ ካልተገለጠ፣ የተሰረዘውም ስም ካልታወቀ፣ ሐቀኛው ወኪልና አታላዩ በገበያ እኩል ሆነው ይታያሉ፤ የሚጎዳውም ደንቡን ያከበረው ነው።

የከተማው ነዋሪ ደግሞ ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፤ በመዝገብ ያለው ስም ማን ነው? የዚህ ዓመት ወረቀት የታለ? ገንዘቡስ የሚገባው በማን ሒሳብ ነው? እውነተኛ ወኪል በእነዚህ ጥያቄዎች አይቈጣም። የሚቈጣ ቢኖር መልሱን ሰጥቷልና ሌላ ቤት መፈለግ ይሻላል። አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» እንዳሉት፣ ከሄደ በኋላ ከሚፈለግ ገንዘብ ይልቅ ሳይሰጥ የሚጠየቅ ጥያቄ ይቀላል።