ዜማ ለቃሚው የፖሊስ አዛዥ

«ጂግ» የአየርላንዶች ጭፈራ ነው፤ ምቱም እንደኛው ችክችካ 6/8 ነው። ዜማው ለዘመናት የኖረው በጆሮ ነበርና ብዙው ከአዋቂዎቹ ጋር ተቀብሯል።

ይህ ያሳሰበው ፍራንሲስ ኦኒል እ.ኤ.አ በ1848 በኮርክ ተወልዶ፣ ተሰዶ የቺካጎ ፖሊስ አዛዥ የሆነ ሰው ነው። ከስደተኛ ወገኖቹ የሰማውን ዜማ ሲያሰማው፣ የሥራ ባልደረባው ጄምስ ኦኒል በኖታ ይጽፍለት ነበር። እ.ኤ.አ በ1903 1,850 ዜማዎች የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። በ1920ዎቹ ደግሞ ቫዮሊን ተጫዋቹ ማይክል ኮልማን ኒውዮርክ ላይ ያስቀረጻቸው ሸክላዎች ባሕር ተሻግረው አየርላንድ ገቡ።

ዛሬ የአንድን ጂግ ምንጭ የሚፈልግ ሰው መጽሐፉንና ሸክላውን ያመሳክራል። ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ሆነው አይገኙም፤ ተጫዋቹ ሁሉ የራሱን ቅመም ይጨምርበታላ!

የእርስዎ እናት እሹሩሩስ የት ተቀርጿል? ስልክዎ እጅዎ ላይ ነው።