ያውቁ ኖሯል? ሸለምጥማጥ በየት እንደሚገባ
ሸለምጥማጥ ጭንቅላቱ ካለፈ ቀሪ አካሉን አሹልኮ ያስገባል። ቆጥ ላይ የሰፈሩ ዶሮዎች በጨለማ አጥርተው ስለማያዩ አይሸሹም፤ እሱም አንዷን ይዞ በመሄድ ፈንታ ያገኛቸውን ሁሉ አንቆ፣ ብዙዎቹን ሳይበላ ጥሎ ሊሄድ ይችላል። ጠዋት ይበልጥ የሚያንገበግበው ይኸው ነው። ተራው ባለ ስድስት ማዕዘን የዶሮ ሽቦ የሚያገለግለው ዶሮዋ እንዳትወጣ እንጂ አውሬ እንዳይገባ አይደለም። ቀዳዳው ከ13 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ የተበየደ ጠንካራ ሽቦ ይሻላል። ለሚቆፍሩት ደግሞ የሽቦውን ግርጌ ወደ ውጭ አጥፎ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል መሬት ላይ ማንጠፍና አፈር ማልበስ ነው፤ አውሬው አጥሩ ሥር ሲጭር ሽቦ ይጠብቀዋል። መርዝ ግን ይቅር፤ ቀድሞ የሚቀምሰው የጎረቤት ውሻ ሊሆን ይችላል። ጭልፊት የቀን ሌባ ስለሆነ ለእሱ ከላይ መረብ መዘርጋት ይበቃል።