ካርቱም መሸኛ አይጽፍም

በልደት መዝገባችን ውስጥ ዜግነት የሚሞላባት አንዲት መስመር አለች። ደጋ ያሉ የሥራ ባልደረቦቼ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ "ኢትዮጵያዊ" ብለው ያልፏታል። መተማ ዮሐንስ ላይ ግን እስክሪብቶ የሚቆመው እዚያ ነው። እኛንና የሱዳኗን ገላባትን የሚለየን አንድ ድልድይ ብቻ ነው፤ ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ወዲህ፣ ካርቱም ላይ ተኩስ ከተከፈተ ጀምሮ፣ በዚያ ድልድይ ያልተሻገረ ዓይነት ሰው የለም።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ባለሙያ ነኝ። ዜግነት አልሰጥም፣ አልነሣም፤ እሱ የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ሥራ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ብቻውን ማንንም ዜጋ አያደርግም። ይህን ሳላስረዳ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ባለጉዳይ ግን ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ሁሉ የመንግሥት ቃል አድርጎ ነው የሚይዘው፤ አልፈርድበትም።

ደጋግሞ የሚገጥመኝ ጉዳይ ይህን ይመስላል። ሴትዮዋ በልጅነቷ ለሰሊጥ አጨዳ ከሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ ከሳሉጎች ጋር ምግብ ልታበስል መጣች። ከዚያ በደላላ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ካርቱም ገባች፤ ሻይ ሸጠች፣ ሱዳናዊ አገባች፣ ወለደች። ጦርነቱ ሲነሣ ባልየው እዚያው ቀረ፤ እሷ ልጇን ይዛ ተመለሰች። ልጁ የሚያወራው ዐረብኛ ነው፤ ሰፈሩም "የሱዳን ልጅ" ይለዋል። ፊቴ ቁጭ ብላ፣ መልሱን አስቀድማ እንደምታውቅ ሁሉ፣ "አባቱ የዚያ አገር ሰው ስለሆነ ኢትዮጵያዊ አይባልም አይደል?" ትለኛለች።

ይባላል እንጂ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6ም ሆነ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 የሚሉት አንድ ነው፤ ከወላጆቹ አንዳቸው ኢትዮጵያዊ ከሆኑ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው። የ1922ቱ የዜግነት ሕግ እንኳ "አባት ወይም እናት" ብሎ እናትን ቆጥሯት ነበር። ብዙ አገሮች ያን ጊዜ ዜግነትን በአባት ብቻ ያወርሱ ነበርና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሕጉ አልጠበበም። የጠበበው ማስረጃው ነው። ልጇ በእሷ በኩል ኢትዮጵያዊ እንዲሆን መጀመሪያ እሷ ኢትዮጵያዊት መሆኗን ማሳየት አለባት። ከቀዬዋ የወጣችው መታወቂያ የማውጣት ዕድሜ ሳይደርስ ነው። አሁን መታወቂያ ላውጣ ስትል ቀበሌው ከነበረችበት ቦታ መሸኛ አምጪ ይላታል። ካርቱም ደግሞ መሸኛ አይጽፍም። ከትውልድ ቀበሌዋ ምስክር ታምጣ ቢባል፣ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ተከፍቶም የእገታው ፍርሃት አለ። የደብሯን ታቦት፣ የእድሩን ዳኛ፣ የወፍጮ ቤቱን ባለቤት በስም እየጠራች ትነግረኛለች። ለእኔ ይህ ከማንኛውም መታወቂያ ይበልጣል፤ ፎርሙ ግን ለወፍጮ ቤት ቦታ አላዘጋጀም።

የዚህ አገር ሰው ማነው ብሎ መጠየቅ መተማ ላይ ድሮም አስቸጋሪ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ቦታው የተክሩሮች ነበር፤ ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ለሐጅ ወጥተው በመንገድ የቀሩ ሰዎች። ሼኮቻቸው ለኢትዮጵያም፣ ሱዳንን ለያዘው የግብፅ መንግሥትም ግብር ይከፍሉ ነበር፤ ለሁለት ጌታ መገበር ያኔ ነውር አልነበረም። አጼ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. እዚሁ ወደቁ፤ ከተማዋም ስማቸውን ያዘች። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ምኒልክና እንግሊዞች ድንበሩን ተዋዋሉ። የዛሬዎቹ ጎረቤቶቼ አብዛኞቹ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር ለሥራ ወይም በሠፈራ የመጡ ናቸው። ከሁሉ ቀድመው የነበሩት ጉሙዞች ናቸው፤ "ከቤንሻንጉል ነው የመጣኸው?" ሲባሉ የምሰማውም እነሱ ናቸው።

ለስደተኛው ግን ሕጉ በርግጥም ይጠባል። በአዋጅ ቁጥር 1049/2009 መሠረት የስደተኛ ልጅ ልደት ይመዘገባል፤ ኩመርና አውላላ መጠለያ የተወለዱ ሕፃናትም የመመዝገብ መብት አላቸው። ዜግነቱ ላይ ግን "ሱዳናዊ" ነው የሚባለው። በእኛ ሕግ እዚህ መወለድ አይቆጠርም፤ ወላጆቹ ሳይታወቁ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ብቻ የኢትዮጵያዊ ልጅ እንደሆነ ይገመታል። ለአዋቂ የተከፈተው መንገድ አራት ዓመት መኖር፣ ከአገሩ ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት፣ በቂ ገቢና የቀድሞ ዜግነትን መልቀቅ ይጠይቃል። በራሽን ለሚኖር ሰው "በቂ ገቢ" ማለት ቀልድ ነው። በ2016 ዓ.ም. ዝርፊያው መሮአቸው አውላላን ጥለው በእግር ለወጡት ብዙዎች ደግሞ ያኔ ደኅንነቱም አልተሟላላቸውም ነበር።

ወደዚያች እናት ልመለስ፤ ከመሸኛው የባሰ አለና። በአዋጅ 378 መሠረት ልጇ የአባቱንም ዜግነት አግኝቶ ከሆነ፣ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ማሳወቅ አለበት። ካላሳወቀ በፈቃዱ እንደተወው ይቆጠራል። ዝም ያለ ሰው ፈቅዷል ማለት ነው። ለልጁ ማንም ደብዳቤ አይልክለትም። በምስክር ወረቀቱ ጀርባ ሁለት መስመር ማሳሰቢያ ቢታተም ስንቱን ባዳነ! እስከዚያው ልጁ 18 የሚሞላበትን ዓመት በቁራጭ ወረቀት እየጻፍኩ ለእናቶቹ እሰጣለሁ፤ አንዳንዶቹ ለዛሬ ምሳ ሲጨነቁ ስለዚያ ዓመት ማውራቴ ያስቃቸዋል። አንዷ ወረቀቱን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ እየከተተች፣ "ያኔ ፋይዳ አይኖረውም ወንድሜ? ኮምፒውተሩ ይነግረው የለ?" አለችኝ። አይነግረውም። የፋይዳ መታወቂያ ማንነቱን እንጂ የማን ዜጋ እንደሆነ አይመሰክርለትም።