የቢላል አገር ሰው በገውዝ ደሴት



በእናቶቻችን የቅመም ዕቃ ውስጥ ከኮረሪማውና ከቁንዶ በርበሬው ጎን ገውዝ አትጠፋም። ልጅ ሳለሁ እናቴ ገውዝ ስትወቅጥ «ይህ ከየት ነው የሚመጣው?» ብዬ ብጠይቃት «ከባሕር ማዶ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበራትም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ለመምህራን ሥልጠና ወደ ኢንዶኔዥያ የመሄድ ዕድል ገጠመኝ። ሥልጠናው ሲያልቅ የተረፉኝን ጥቂት ቀናት ያንን «ባሕር ማዶ» ለማየት አዋልኳቸው። አልሐምዱ ሊላህ፣ ያየሁት ከቅመም በላይ ነበር።

በመርከብ ወደ ባንዳ ነይራ

ኢንዶኔዥያ ከ17 ሺህ በላይ ደሴቶች ያሏትና በሕዝበ ሙስሊሙ ብዛት ከዓለም ግንባር ቀደም ከሆኑት የምትመደብ፣ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሙስሊም የሚኖርባት አገር ናት። ባንዳ የሚባሉት ጥቃቅን ደሴቶች በምሥራቃዊው ባንዳ ባሕር ላይ ተበትነው ይገኛሉ። ዋናዋ የወደብ ከተማ ባንዳ ነይራ ትባላለች። ከአምቦን ተነሥቼ ሌሊቱን ሙሉ በመርከብ ተጓዝኩ። መርከቡ ላይ መስገጃ ክፍል ስለነበረ መግሪብንና ዒሻን አሰባስቤ፣ ዒሻን ሁለት ረከዓ አሳጥሬ በጀመዓ ሰገድኩ። ሙሳፊር ለሆነ ሰው ዲናችን ያደረገለት ማግራራት ምን ያህል ራሕመት እንደሆነ በማዕበል ላይ ሆኖ ያየ ያውቀዋል።

ጎሕ ሲቀድ ከባሕሩ መካከል ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉኑንግ አፒ ቀጥ ብሎ ታየኝ። ትርጉሙ «የእሳት ተራራ» ማለት ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው እ.ኤ.አ. በ1988 ነበር። ከሥሩ መስጂዱ፣ ቆርቆሮ የለበሱ ቤቶችና ከጉብታ ላይ የተቀመጠ የድንጋይ ምሽግ ያሏት ከተማ ተኝታለች። ከወደቡ ወርዶ ከተማዋን በእግር ለመዞር አንድ ረፋድ ይበቃል።

«ቢላል»

የመጀመሪያው ዙሁር ላይ ወደ መስጂድ ገባሁ። ወንዶቹ ልክ እንደ ወሎና እንደ ሐረር አባቶች ሽርጥ አገልድመዋል፤ በራሳቸው ላይ ጥቁር ቆብ ደፍተዋል። እኛ አዲስ አበባ ላይ ፊታችንን ወደ ሰሜን አዙረን እንሰግዳለን፤ እነርሱ ደግሞ ወደ ምዕራብ፣ ጥቂት ወደ ሰሜን ዘንበል ብለው ይቆማሉ። በመካከላችን ወደ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀትና የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ። እነርሱ መግሪብ ሲሰግዱ እኛ ዘንድ ገና ዙሁር ነው። ቂብላችን ግን አንድ ናት።

ከሶላት በኋላ አንድ ሽማግሌ በዐረብኛ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። «ከኢትዮጵያ» አልኳቸው። ግራ ገባቸው። «ከሐበሻ» ስላቸው ግን ፊታቸው በራ። «ሐበሻ! የሰይዲና ቢላል አገር! የነጃሺ አገር!» እያሉ በዙሪያችን ላሉት ነገሯቸው። ለካ በእነርሱ አገር ሙአዚኑ የሚጠራው «ቢላል» እየተባለ ኖሯል! የኛ ሰው ስም ከኛ አልፎ በዚያ ሩቅ ደሴት ላይ የሥራ መጠሪያ ሆኗል።

በኪታቡም ቢሆን ባዕድ አልሆንኩም። እንደኛ አገር ብዙ ደረሳዎች ሁሉ እነርሱም የሻፊዒይን መዝሀብ ተከታዮች ናቸው። ሱብሒ ላይ ቁኑት ያደርጋሉ፤ የኢማሙ ነወዊ ሚንሃጅ እዚያም ይቀራል። ስለ ፊቅህ ስንጫወት ሽማግሌው «ገውዝንም ኡለሞቻችን አልዘለሏትም» ብለው ሳቁ። እውነታቸውን ነው። ከሻፊዒያ ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ የሆኑት ኢብኑ ሐጀር አልሀይተሚ፣ ገውዝ በብዛት ከተበላች አእምሮን ስለምታዛባ በዚህ መልክ መጠቀሙ ክልክል መሆኑን ጽፈዋል።

ዐስር ሲደርስ ሽማግሌው እጄን ይዘው «የቢላል አገር ሰው እያለ ሌላ ሰው አዛን አያደርግም» አሉ። ከመድረሳ ከወጣሁ ወዲህ በመስጂድ አዛን አድርጌ አላውቅም ነበር። የጥቁር ሰሌዳና የፈተና ወረቀት ሰው ሆኜ ቀርቻለሁ። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ጀመርኩ፤ «ሐይየ ዐለ ሶላህ» ላይ ስደርስ ግን የልጅነቴ ኡስታዝ ከጎኔ የቆሙ መሰለኝ።

ገውዝ ያመጣው መዘዝ

በማግስቱ አንድ ወጣት በጀልባ ወደ ባንዳ በሳር ደሴት ወሰደኝ። ገውዝ በረጃጅም የከናሪ ዛፎች ጥላ ሥር ትበቅላለች። ፍሬዋ ኮክ ትመስላለች። ስትበስል ለሁለት ትሰነጠቅና በውስጧ በቀይ መረብ የተጠቀለለ ጥቁር ዘር ይታያል። ቀዩ ልባስ ራሱን የቻለ ቅመም ነው፤ ዘሩ ተሰብሮ የሚወጣው ፍሬ እኛ የምናውቃት ገውዝ ናት። ሥጋውን ደግሞ እናቶች ማርማላታና ጣፋጭ ይሠሩበታል።

ለብዙ መቶ ዓመታት ለንግድ የምትቀርበው የዓለም ገውዝ የምትገኘው ከእነዚህ ጥቃቅን ደሴቶች ብቻ ነበር። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1512 ሲደርሱ እስልምና በነጋዴዎች እጅ ቀድሟቸው ገብቶ ነበር። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ሆላንዶች ግን ንግዱን ከማንም ጋር መጋራት አልፈለጉም። እ.ኤ.አ. በ1621 ያን ፒተርሶን ኩን የተባለው የኩባንያው አገረ ገዥ በጦር መርከቦች መጣ። ከ40 በላይ የአገር ሽማግሌዎች በቅጥር የጃፓን ወታደሮች ሰይፍ ተገደሉ። 15 ሺህ ያህል ይሆናል ተብሎ ከሚገመተው ሕዝብ፣ ተገድሎ፣ ተርቦ፣ ተሰዶና በባርነት ተግዞ የተረፈው አንድ ሺህ ያህል ብቻ ነው ይባላል። በጀልባ ያመለጡት ወደ ኬይ ደሴቶች ሸሹ። የጥንቱ የባንዳ ቋንቋ ዛሬ በባንዳ አይነገርም፤ በኬይ ባሉት የስደተኞቹ ልጆች መንደሮች ግን አልጠፋም።

እ.ኤ.አ. በ1667 በብሬዳ በተደረገው ውል ደግሞ እንግሊዞች ሩን የምትባለውን ትንሽ የገውዝ ደሴት ለሆላንድ ተዉ፤ ማንሃታንም በእነርሱ እጅ ቀረች። የኒው ዮርክ ማዕከል ከአንዲት የገውዝ ደሴት ጋር የተመዘነበት ጊዜ ነበር!

የግዞተኞቹ ትምህርት ቤት

እንደ መምህርነቴ ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው አንድ ተራ ቤት ነው። ሆላንዶች ለነፃነት የሚታገሉ ኢንዶኔዥያውያንን ወደዚህች ደሴት ያግዙ ነበር። መሐመድ ሐታና ሱታን ሻህሪር እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1942 እዚህ ቆይተዋል። ሐታ የሃይማኖት ሊቅ የልጅ ልጅ ሲሆን በሮተርዳም ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ነበር። ወደ ግዞት ሲመጣ በሣጥን በሣጥን መጽሐፍ ጭኖ ነው የመጣው። ሁለቱም ቁጭ ብለው ጊዜያቸውን አላማረሩም፤ የደሴቲቱን ልጆች ሰብስበው አስተማሩ። ዴስኮቹና ጥቁር ሰሌዳው ዛሬም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1945 ነፃነት ሲታወጅ ሐታ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ሻህሪር የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ከደሴቶቹ ሁለቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራሉ።

ከዴስኮቹ በአንዱ ላይ ተቀምጬ ራሴን ወቀስኩ። «መጽሐፍ የለም፣ ክፍሉ ጠባብ ነው» እያልኩ ስንቱን የትምህርት ቀን አባክኛለሁ?

የሽማግሌው ጥያቄ

በመጨረሻው ምሽት ሽማግሌው ቤታቸው ጠሩኝ። ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣና በከናሪ የተሠራ የደበርጃን ወጥ ቀረበ። ከእራት በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ 1999 አጫወቱኝ። በዚያ ዓመት ከአምቦን የተነሣው የሙስሊምና የክርስቲያን ግጭት ባንዳም ደርሶ ብዙ ክርስቲያን ቤተሰቦች ደሴቲቱን ለቀው ወጥተዋል። በማሉኩ የእርቅ ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነበር።

«ጎረቤቶቻችን ነበሩ» አሉኝ። «የእናንተ ክርስቲያን ንጉሥ የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሓቦች አስጠለለ። እኛ ግን የገዛ ጎረቤታችንን ማስጠለል አቃተን።» ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «የነጃሺን መስጂድ አይተሃል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ምን ልበላቸው? እንኳን ላየው፣ ለማየት ተነሥቼም አላውቅም። በዚያ ላይ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ጊዜ ያ መስጂድ ጉዳት ደርሶበታል። ይህንኑ ነገርኳቸው። አላህ የተለያዩ ሕዝቦች አድርጎ የፈጠረን እንድንተዋወቅ መሆኑን ሁለታችንም በልጅነታችን ቀርተናል፤ ሁለታችንም ግን አገራችን ይህን ስትረሳ አይተናል። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ለሁለቱም አገር ዱዓ አደረጉ፤ እኔም አሚን አልኩ።

ለሚጓዙ ወንድሞችና እህቶች

ወደዚያ የምትጓዙ ካላችሁ፣ ባሕሩ ሲቆጣ ጀልባና መርከብ ስለሚዘገዩ ጊዜያችሁን አታጣብቡ። ለሐላል ምግብ አትጨነቁ። ሽርጥ ወይም ረጅም ልብስ ያዙ። ከነዋሪ ኢማም ኋላ ስትሰግዱ አራቱን ረከዓ ሙሉ፤ ማሳጠር ለብቻ ወይም ከመንገደኛ ጋር ሲሆን ነው። ከሁሉም በፊት ግን ሰላምታ አስቀድሙ፤ ቋንቋ ባይገጥም «አሰላሙ ዐለይኩም» ይገጥማል።

ለእናቴ አንድ ከረጢት ገውዝ ይዤላት ተመለስኩ። «ባሕር ማዶ» የት እንደሆነ ነግሬያታለሁ። ከሽማግሌው ጥያቄ የቀረብኝ ዕዳ ግን አልተከፈለም። ኢንሻ አላህ፣ መጪው የክረምት ዕረፍት ሲደርስ ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ነጃሺ እጓዛለሁ። አላህ ያግራልን!