ጁላን ጎስዋሚ፣ የቻክዳሃዋ ወርዋሪ

የኢትዮጵያ ጠረፍ ከተማ በሆነችው ኩርሙክ ኳስ ከተባለ እግር ኳስ ነው። ስለዚህ ስለ አንዲት የክሪኬት ተጫዋች ከማውራቴ በፊት ጨዋታውን ባጭሩ ላስተዋውቅ።

ሁለት ቡድኖች ናቸው፣ አስራ አንድ አስራ አንድ ሰው። ከሜዳው መሃል 20 ሜትር ያህል የምትረዝም፣ ተደልድላ የጠነከረች መሬት አለች፤ በሁለቱ ጫፎቿ ሦስት ሦስት እንጨት ተተክሏል። ወርዋሪው ከሩቅ ተንደርድሮ፣ ክንዱን ሳያጥፍ፣ ኳሷን ይለቃታል። መቺው በጠፍጣፋ ዱላ እየመለሰ እንጨቶቹን ይጠብቃል፤ በመታ ቁጥርም ከጫፍ ጫፍ እየሮጠ ነጥብ ይሰበስባል። ኳሷ እንጨቱን ከመታች፣ ወይም የተመታችው ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች መቺው ከሜዳ ይወጣል። ይህ «ዊኬት» ይባላል፤ ወርዋሪም የሚመዘነው ባስወጣው መቺ ብዛት ነው። ኳሷ ቡሽ ላይ ክር ተጠምጥሞባት በቆዳ የተሰፋች ስትሆን የሴቶቹ ከ140 እስከ 151 ግራም ትመዝናለች። ወገቧን የዞረው ስፌት ጎላ ያለ ነው። ወርዋሪዋ ሁለት ጣቶቿን በስፌቱ ግራና ቀኝ አድርጋ ቀጥ ብሎ እንዲያርፍ ከለቀቀቻት፣ ኳሷ መሬት ስትነካ አቅጣጫዋን ልትቀይር ትችላለች። መቺዋ ይህን አይታ ዱላዋን ለማስተካከል ያላት ጊዜ ከአንድ ሰከንድ በታች ነው።

ጁላን ጎስዋሚ በዚህ ጥበብ ሃያ ዓመት ኖራበታለች። የተወለደችው እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ እንዲሁ) በኅዳር 1982 በህንድ ምዕራብ ቤንጋል፣ ቻክዳሃ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከሰፈር ወንዶች ጋር ስትጫወት ውርወራሽ ቀርፋፋ ነው እያሉ ይስቁባት ነበር። አሰልጣኝ ያለው ኮልካታ፣ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነስታ በባቡር ትሄዳለች፤ ልምምዱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ይጀመራል፤ ባቡሩ ካመለጣት የዚያን ቀን ልምምድ የለም። ወላጆቿ ደግሞ ትምህርቷን እንድታስቀድም ይፈልጉ ነበር።

የእሷን ታሪክ ለኩርሙክ ሰው ማውራት የፈለግሁት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ አንዲት ጎበዝ ልጅ አሰልጣኝና ደህና ሜዳ ብትፈልግ አሶሳ መውጣት አለባት፤ መንገዱም ከቻክዳሃ ኮልካታ ካለው አያንስም፣ የማለዳ ባቡርም የለውም። ተሰጥኦ ጠረፍ ላይም ይወለዳል። ከዚያ በኋላ ያለው የመንገድ፣ የሜዳና የቤተሰብ ፈቃድ ጉዳይ ነው፤ ጁላንም የተሳካላት እነዚህ ሦስቱ እንደምንም ስለተገጣጠሙላት ይመስለኛል።

በ1997 የሴቶች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ኮልካታ ውስጥ በኤደን ጋርደንስ ሲደረግ፣ ከሜዳ የወጣችውን ኳስ ከሚያቀብሉት ልጆች አንዷ ነበረች። አውስትራሊያ ኒውዚላንድን አሸነፈች፤ ጁላንም ብሔራዊ ተጫዋች ለመሆን የቆረጠችው ያኔ ነው። በጥር 2002 በእንግሊዝ ላይ ለአገሯ ተሰለፈች። በ2006 እንግሊዝ አገር ቶንተን ላይ በአንድ የቴስት (ብዙ ቀን የሚፈጅ) ግጥሚያ አስር ዊኬት ወሰደች፤ በ2007 የዓለም ክሪኬት ምክር ቤት የዓመቱ ምርጥ ሴት ተጫዋች አላት።

የዓለም ዋንጫው ግን በፍጻሜ ሁለት ጊዜ ከእጇ አመለጠ። በ2005 ፍጻሜ አውስትራሊያ በለጠቻቸው። የ2017ቱ የበለጠ ያማል። ለንደን፣ ሎርድስ ላይ እንግሊዝ በደህና ስትገሰግስ ጁላን ሳራ ቴይለርንና ፍራን ዊልሰንን በተከታታይ ሁለት ኳስ አስወጣች፤ ጥቂት ቆይታ ናታሊ ሲቨርን ጨመረች። አስር ኦቨር፣ ማለትም ስድሳ ኳስ፣ ወርውራ የሰጠችው 23 ነጥብ ብቻ ነው። ህንድ 229 ያስፈልጋት ነበር፤ ሦስት ሰው ብቻ ወጥቶባት 191 ደርሳ ሳለ ተጨማሪ ሰባት መቺዎች በ28 ነጥብ ውስጥ ረገፉ። በዘጠኝ ነጥብ ተሸነፈች።

ጁላን በመስከረም 2022 እዚያው ሎርድስ ላይ ተሰናበተች። «የአንድ ቀን» በሚባለው የግጥሚያ ዓይነት 204 ጊዜ ተሰልፋ 255 ዊኬት ወስዳለች፤ ስትሰናበት በሴቶች ክሪኬት በዚህ ዓይነት ግጥሚያ ከዚህ የበለጠ የወሰደች አልነበረችም። በቴስት ግን በሃያ ዓመት ውስጥ የተሰለፈችው 12 ጊዜ ብቻ ነው፤ ለሴቶች የሚዘጋጀው ግጥሚያ ከዚህ አያልፍም ነበር። የህንድ ክሪኬት ቦርድ ለሴቶችና ለወንዶች እኩል የግጥሚያ ክፍያ እንደሚከፍል ያስታወቀው እሷ ጫማዋን በሰቀለች በወሩ፣ በጥቅምት 2022 ነው። ያን ሁሉ ዘመን ለአነስተኛ ክፍያ ከወንዶቹ እኩል የለፋች ሴት ይህን ሳታገኝ መውጣቷ ይቆጨኛል።

ከሜዳ ግን አልራቀችም። በ2023 የህንድ የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ሲጀመር የሙምባይ ኢንዲያንስ የውርወራ አሰልጣኝ ሆነች፤ ቡድኗም የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። በኅዳር 2025 ህንድ ደቡብ አፍሪካን አሸንፋ የሴቶች የዓለም ዋንጫን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታነሳ፣ ተጫዋቾቹ ዋንጫውን ይዘው ወደ ጁላን ሄዱና በእጇ ሰጧት።